ሕዝብ አይሣልም፤ የሚሣለው ሰው ነው

(በማኅበራችን የንባብ ምሽት ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ማታ ስለ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ልንነግራችሁ በፊታችሁ ቆመናል። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ምናልባትም የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። መጽሐፉ በሥዕል የተጻፈ ነው። ገጹ በትንንሽ ሣጥኖች ይከፈላል፤ በያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሰው ይሣላል፤ ሰውየው የሚናገረው ቃል ከአፉ አጠገብ በክብ ውስጥ ይጻፋል፤ አንባቢውም ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው እያለፈ ታሪኩን ይከታተላል። ፈረንጆች ይህን የመሰለውን ሥራ ኮሚክስ ይሉታል፤ ደራሲው የገዛ ሕይወቱን የሚተርክበት ሲሆን ደግሞ ግራፊክ ሜምዋር ይባላል። እኛ በዚህ ንግግር «የሥዕል ግለ ታሪክ» እያልን እንጠራዋለን።

ለንግግሩ ምክንያት የሆነን በመካከላችን የተነሣ ክርክር ነው። ለማኅበሩ የንባብ ክፍል የሚገዙ መጻሕፍት ዝርዝር ሲዘጋጅ፣ እኛ ጥቂት የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አራት እንዲህ ያሉ መጻሕፍት እንዲገቡ ጠየቅን። ከጓደኞቻችን መካከል «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥዕል እያየ ሊማር ነውን? ገንዘባችን ትንሽ ነው፤ ለቁም ነገር ይዋል» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘባችንም በእርግጥ ትንሽ ነው። ስለዚህ መልሱን በየመኝታ ክፍሉ በሹክሹክታ ከመስጠት ይልቅ በዚህ መድረክ ላይ፣ በመምህራኖቻችን ፊት፣ ለመስጠት ወደድን።

መልሳችን ባጭሩ ይህ ነው። እኛ ተማሪዎች «ሕዝብ» የሚለውን ቃል እንወዳለን። ሕዝብ ተነሣ፤ ሕዝብ ተበደለ፤ ሕዝብ ይፈርዳል እንላለን። ቃሉ ባይኖር ስለ አገርና ስለ መንግሥት መነጋገር ባልቻልንም ነበር። ይሁን እንጂ ቃሉ ፊት የለውም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሚሊዮን ሰው ማንሣትም፣ ሚሊዮን ሰው መጣልም ይቻላል፤ እጃችንም አይደክም። ሠዓሊ ግን ሕዝብን ሊሥል አይችልም። ብዙ ሰው ልሣል ቢል እንኳ ራስ በራስ፣ ዓይን በዓይን፣ እጅ በእጅ መሣል ግድ ይሆንበታል። ለእያንዳንዱም ፊት መስጠት አለበት። አገር ሲናወጥ በመካከል ሆኖ ያደገ ልጅ ታሪኩን በሥዕል ሲነግረን የምናገኘው ትልቁ ትምህርት ከዚህ የሚመነጭ ይመስለናል።

በመጀመሪያ ነገሩ ለእኛ አገር ሰው ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑን እናስታውስ። የአገራችን ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በተርታ በተደረደሩ ብዙ ሣጥኖች ከፋፍለው፣ በየሣጥኑም አጭር ጽሑፍ እየጨመሩ ሲሥሉ ኖረዋል። ፊደል የቆጠረው ጽሑፉን እያነበበ፣ ያልቆጠረውም ሥዕሉን እያየ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተለዋል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም የቅዱሳን ገድል እንዲሁ በየተራ ተሥሎ እናያለን። እንግዲህ ታሪክን በሥዕል መንገር ለማይምና ለሕፃን ብቻ የተተወ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የገዛ አገሩን ጥበብ እንደ ዘነጋ ይቁጠረው።

አሁን ወደ አራቱ መጻሕፍት እንመለስ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሰው ጃፓናዊው ኬይጂ ናካዛዋ ነው። ናካዛዋ በ1939 በሂሮሺማ ከተማ ተወለደ። ኦገስት 6 ቀን 1945 አሜሪካ የአቶም ቦምብ በከተማው ላይ በጣለች ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። በትምህርት ቤቱ የግንብ አጥር አጠገብ ቆሞ ስለ ነበረ ግንቡ ከነበልባሉ ከለለው። አባቱ፣ እኅቱና ታናሽ ወንድሙ ግን በዚያ ቀን ሞቱ። እናቱ በዚያው ዕለት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሕፃኗም ጥቂት ወራት ብቻ ኖራ ሞተች።

ናካዛዋ አድጎ የልጆች ሥዕል ታሪክ ሠሪ ሆነ፤ ስለ ቦምቡ ግን ለብዙ ዓመታት አንዲት መሥመር አልሣለም። በ1966 እናቱ ሞተች። በአገሩ ልማድ አስከሬኗ ከተቃጠለ በኋላ ቤተ ዘመድ አጥንቷን ሊለቅም ሲሄድ፣ ከነጭ አመድ በቀር አጥንት የሚባል አልተገኘም። የቦምቡ ጨረር የእናቱን አጥንት እንኳ እንደ ወሰደበት ቆጠረውና ቁጣው ገነፈለ። ዝምታውን የተወው ከዚያ ወዲህ ነው። «ባዶ እግሩ ጌን» የሚባለው ታላቅ ሥራው በ1973 በአንድ የወንዶች ልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ መታተም ጀመረ፤ እየቀጠለም ዐሥር ቅጽ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መጽሐፉ የሚጀምረው በቦምቡ አይደለም። ከቦምቡ በፊት በነበረው ረኃብና በጃፓን መንግሥት ጭቆና ይጀምራል። የጌን አባት ጦርነቱን ይቃወማል፤ ስለዚህም ፖሊስ ይደበድበዋል፤ ጎረቤት ቤተ ሰቡን ከሐዲ ብሎ ይሰድባል፤ ልጆቹ በየመንገዱ ይገፋሉ። ከጎረቤት ሁሉ ደግ ሆኖ የሚረዳቸው አንድ ኮርያዊ ነው፤ ኮርያዊውን ደግሞ ጃፓናውያኑ ይንቁታል። ናካዛዋ እንደ እሱ ቤተ ሰቡ ካለቀበት ሰው ሁሉ የበለጠ በጠላት ላይ ብቻ ለመጮኽ መብት ነበረው። እሱ ግን የራሱን ወገን ጥፋትም ሣለ። የተበደለ ሰው የገዛ ወገኑን በደል ጭምር ሲናገር ምስክርነቱ ይበልጥ ይታመናል።

ሁለተኛው መጽሐፍ «ማውስ» ይባላል፤ ትርጓሜው አይጥ ማለት ነው። ደራሲው አርት ስፒገልማን በ1948 በስቶክሆልም ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ነው። አባቱ ቭላዴክና እናቱ አንያ ከአውሽቪትዝ የናዚ ማጎሪያ የተረፉ የፖላንድ አይሁድ ናቸው። በመጽሐፉ አይሁድ በአይጥ፣ ጀርመኖች በድመት ራስ ተሥለዋል። የመጀመሪያው ቅጽ በ1986፣ ሁለተኛው በ1991 ወጣ፤ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው።

ይህ መጽሐፍ የሚነግረን ሁለት ልጅነት ነው፤ ወይም ሁለት ወጣትነት ብንል ይሻላል። አንዱ በጦርነቱ ውስጥ ያለፈው የአባትየው ነው። ሁለተኛው ጦርነቱን ሳያይ የጦርነቱ ጥላ በቤቱ ውስጥ ያጠላበት የልጅየው ነው። እናቱ በ1968 ራሷን አጠፋች። የጦርነቱን ዘመን የጻፈችበት ማስታወሻ ነበራት፤ ልጅየው ማስታወሻውን ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘውም፤ በመጨረሻ አባቱ ማቃጠሉን ነገረው። የአባትየው ታሪክ በሁለት ቅጽ ተመዝግቦ ሲኖር፣ የእናትየው አመድ ሆኖ ቀረ። በየቤታችን ያለ ሳይጻፍ የሚጠፋ ታሪክ ሁሉ በዚህ ሊታሰበን ይገባል።

ደግሞ ስፒገልማን አባቱን ቅዱስ አድርጎ አልሣለውም። ቭላዴክ ቆጥቋጣ ነው፤ ተከፍቶ የተበላለትን የምግብ ዕቃ ወደ ሱቅ ይዞ ሄዶ ይመልሳል። ያ ሁሉ የዘር ጥላቻ የደረሰበት ሰው ሆኖ ሳለ ጥቁር አሜሪካዊን በዘሩ ይጠረጥራል። አንባቢ በዚህ ይደነግጣል። መከራ ሰውን ሁልጊዜ የተሻለ እንደማያደርገው፣ የተበደለም ሰው ሊበድል እንደሚችል፣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምን ዓይነት የፍልስፍና ትምህርት ይገኛል?

ስለ ማስታወስም መጽሐፉ ትልቅ ነገር ያስተምራል። አውሽቪትዝ የእስረኞች የሙዚቃ ጓድ እንደ ነበረ፣ እስረኞቹ ወደ ሥራ ሲወጡ በበሩ እንደሚጫወት፣ በሰነድ የታወቀ ነው። ልጅየው ይህን ሲጠይቀው አባቱ ሙዚቃ አላስታውስም ይላል። ሠዓሊው ታዲያ ምን አደረገ? በአንደኛው ሣጥን ሙዚቀኞቹን ሣለ፤ በሚቀጥለው ሣጥን የሚያልፉት እስረኞች ሙዚቀኞቹን እንዲሸፍኗቸው አድርጎ፣ የመሣሪያዎቹን ጫፍ ብቻ ከራሳቸው በላይ እንዲታይ ተወው። ሰነዱንም አልካደ፤ አባቱንም ውሸታም አላለ። የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፤ ምስክርና ሰነድ ሲለያዩ ምን ይደረጋል እየተባለ በየክፍሉ የምንከራከረው ክርክር እነሆ በሁለት ሥዕል ተፈታ።

ሦስተኛዋ ደራሲ ማርጃን ሳትራፒ ናት። በ1969 በኢራን ተወልዳ በቴህራን አደገች። «ፐርሰፖሊስ» የተባለው መጽሐፏ ከ2000 እስከ 2003 በፈረንሳይ በአራት ቅጽ ወጣ፤ በ2007 የተሠራው ፊልሙም በካን የፊልም በዓል የዳኞችን ሽልማት ተካፈለ። በ1979 የሻህ መንግሥት ሲወድቅ ማርጃን ገና ዐሥር ዓመት አልሞላትም ነበር። ወላጆቿ ሻህን ተቃውመው ሰልፍ የሚወጡ የተማሩ ሰዎች ናቸው። አብዮቱ ግን እነሱ የጠበቁትን ይዞ አልመጣም። የምትወደው አጎቷ በሻህ ዘመን ታስሮ፣ በእስር ቤት ከዳቦ የሠራውን ወፍ በስጦታ ያመጣላት ሰው፣ ከአብዮቱ በኋላ እንደ ገና ተይዞ ተገደለ።

ሳትራፒ ራሷን እንዴት አድርጋ እንደ ሣለች ተመልከቱ። አብዮቱ እንደ ፈነዳ የሰፈሩ ልጆች አንድ ጓደኛቸው የምስጢር ፖሊስ ልጅ መሆኑን ይሰማሉ። ትንሿ ማርጃን ሚስማር በጣቶቻቸው መካከል ይዘው ልጁን እንዲቀጡት ሐሳብ ታቀርባለች፤ ፍርድ ለመስጠትም ይሮጣሉ። የምታስቆማቸው እናቷ ናት። የትልልቆቹ ጩኸት ወደ ልጆቹ ጨዋታ ወርዶ፣ «የሕዝብ ጠላት» የሚለው ቃል በአንድ ጎረቤት ልጅ ፊት ላይ አረፈ ማለት ነው። ደራሲዋ ይህን ልትደብቀው ትችል ነበር፤ የበደል ሰለባ ብቻ ሆና ብትቀርብ ማንም አይጠይቃትም። እሷ ግን ሣለችው።

በ1980 የኢራቅ ጦር ኢራንን ወረረ፤ ጦርነቱ እስከ 1988 ቆየ። በመጽሐፉ በድኻ ሰፈር ለሚማሩ ወንዶች ልጆች ወርቅማ ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ቁልፍ ሲታደል እናያለን፤ በጦር ሜዳ ብትሞቱ የገነት ቁልፍ ይህ ነው ይባላሉ። በአንድ ገጽ ላይ፣ ከላይ ፈንጂ በተቀበረበት ሜዳ ቁልፉን ባንገታቸው አንጠልጥለው በፍንዳታ ወደ ላይ የተወረወሩ ልጆች በጥቁር ጥላ ተሥለዋል፤ ከታች ደግሞ ማርጃንና ጓደኞቿ በቤት ግብዣ ሲጨፍሩ ይዘላሉ። የሁለቱ አካል ሁኔታ አንድ ዓይነት ነው። ስለ ሀብታምና ስለ ድኻ አንድም ቃል ሳይጨመር ልዩነቱ ተነገረ። ጭፈራው የእሷ ነው፤ ራሷንም ከተጠያቂነት አላወጣችም።

በሌላ ገጽ ላይ ሚሳይል በሰፈራቸው ይወድቃል። ማርጃን ወደ ቤቷ ስትሮጥ የአይሁድ ጎረቤታቸው ቤት ፈርሶ ታገኘዋለች፤ ከፍርስራሹ መካከል የጓደኛዋን የእጅ አምባር ታያለች፤ አምባሩም ባዶውን አልነበረም። የሚቀጥለው ሣጥን ፍጹም ጥቁር ነው። ምንም አልተሣለበትም። ሠዓሊዋ የምትችለውን ሁሉ ስትሥል ቆይታ፣ ሊሣል የማይገባው ላይ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች። እንዲህ ያለው ዝምታ ከብዙ ገጽ ሙሾ ይበልጣል።

በ1984፣ በ14 ዓመቷ፣ ወላጆቿ ብቻዋን ወደ ቪየና ላኳት። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ከጦርነት የራቀችው ልጅ በሰላም ከተማ መንገድ ላይ እስክታድር ደረሰች፤ ታማም ሆስፒታል ገባች። በ1988 ወደ አገሯ ተመለሰች፤ በ1994 ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች። መትረፍ ማለት ከእሳት መውጣት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከወጡ በኋላ ሰው ሆኖ መቆምም ሌላ ትግል እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን። በሰው አገር ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ገጽ ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል።

አራተኛው መጽሐፍ ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የቀረበ ነው። «ማርች» ይባላል፤ ከ2013 እስከ 2016 በሦስት ቅጽ ወጣ። ባለ ታሪኩ ጆን ሉዊስ በ1940 በአላባማ ከገበሬ ቤት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ጽሑፉን ከአንድሩ አይዲን ጋር አዘጋጀው፤ ሥዕሉን ናት ፓወል ሣለው። ሉዊስ በልጅነቱ ለቤታቸው ዶሮዎች ስብከት የሚሰብክ ልጅ ነበር። በ1956፣ በ16 ዓመቱ፣ በአቅራቢያው ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የአንባቢ ካርድ ሲጠይቅ፣ ቤቱ ለነጮች ብቻ ነው ተባለ። ያ ልጅ በ2016 በዚሁ መጽሐፍ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ተቀበለ።

የሉዊስ ነገር ለክርክራችን ሌላ ማስረጃ ይሰጠናል። በ1957 ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግና ስለ ሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ የሚናገር፣ ዋጋው ዐሥር ሳንቲም የሆነ 16 ገጽ የሥዕል መጽሔት ታትሞ ነበር። ሉዊስና ጓደኞቹ ትግልን ያለ ዱላ እንዴት መታገል እንደሚቻል ከተማሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ የዐሥር ሳንቲም መጽሔት ነው። በ1960 በናሽቪል ከተማ ተማሪዎቹ ጥቁር በማይስተናገድባቸው ምግብ ቤቶች ገብተው በጸጥታ መቀመጥ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ግን በክፍል ውስጥ ይለማመዱ ነበር፤ ገሚሶቹ ይሳደባሉ፤ ይገፋሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ ቁጣቸውን መዋጥ ይማራሉ። መጽሐፉ ይህን ልምምድ በሥዕል ያሳያል። ጀግንነት የአንድ ቀን ግለት ሳይሆን በትምህርት የሚገኝ ነገር መሆኑን እናያለን። ማርች 7 ቀን 1965 በሴልማ ድልድይ ላይ ፖሊስ የሉዊስን ራስ በዱላ ሲፈነክት የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ከ1987 እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2020፣ በአሜሪካ ምክር ቤት እንደራሴ ሆኖ አገልግሏል።

እንግዲህ ለምን በሥዕል? በቃል ብቻ ቢጻፉስ? የምንሰጠው ምክንያት ሦስት ነው።

አንደኛ፤ በእነዚህ መጻሕፍት ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እናያለን። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ልጁ ነው፤ ከሥዕሉ በላይ በጽሑፍ የሚናገረው ያደገው ሰው ነው። ልጁ አያውቅም፤ ትልቁ ያውቃል። በተራ መጽሐፍ ትልቁ ሰው ልጁን በዕውቀቱ ይሸፍነዋል፤ እዚህ ግን ልጁ በዓይናችን ፊት ልጅ እንደ ሆነ ይቆያል።

ሁለተኛ፤ ሥዕል ትንሹን ነገር ያስገድዳል። «በማጎሪያው ጫማ እጠግን ነበር» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለመሣል ግን ጫማው እንዴት እንደ ነበረ፣ ሶሉ እንዴት እንደሚሰፋ መጠየቅ ያሻል፤ ስፒገልማንም አባቱን ጠይቆ የጫማ አጠጋገኑን ሥሎ አሳይቷል። ሠዓሊ ደፈናውን ማለፍ አይችልም። በደፈናው ከመናገር የሚያድነን ማንኛውም ነገር ለእኛ ለተማሪዎች መድኃኒት ነው።

ሦስተኛ፤ በሁለት ሣጥኖች መካከል ባዶ ቦታ አለ። በዚያ ባዶ ቦታ የሆነውን የሚሞላው አንባቢው ነው። በአንዱ ሣጥን ዱላ ተነሥቷል፤ በሚቀጥለው ሰው ወድቋል፤ ምቱን ያሳረፍነው እኛው በልባችን ነን። ስለዚህ አንባቢ ከዳር ቆሞ ተመልካች ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም።

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ሐሳብ በቅንነት እንመርምር። ሥዕል ስሜትን ይቀሰቅሳል፤ አእምሮን ይቀድማል ይላሉ። እውነት ነው። አንድ ሰው ያስታወሰው ታሪክ የአገሩ ታሪክ ሁሉ አይደለም ይላሉ። ይህም እውነት ነው። እንዲያውም ማስረጃ እንጨምርላቸው፤ ናካዛዋ በመጽሐፉ ጌን አባቱ፣ እኅቱና ወንድሙ በፈረሰው ቤት ሥር ሆነው እሳቱ ሲደርስባቸው ቆሞ እንዲያይ አድርጎ ሥሏል፤ ናካዛዋ ራሱ ግን በዚያች ሰዓት በቦታው አልነበረም፤ ነገሩን የሰማው ከእናቱ ነው። ስለዚህ የሥዕል ግለ ታሪክ የታሪክ መጽሐፍን ይተካል አንልም። ከታሪክ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን ይነበብ እንላለን። የታሪክ መጽሐፍ ስንት ሰው እንደ ሞተና ለምን እንደ ሞተ ይነግረናል፤ ይኸኛው ደግሞ ከሞቱት አንዷ የእጅ አምባር እንደ ነበራት ይነግረናል። ሁለቱም ያስፈልጉናል።

የልጅ ጨዋታ ነው ለሚሉን ግን ጥያቄውን እንመልስላቸዋለን። የልጅ ጨዋታ ከሆነ ሹሞች ለምን ፈሩት? በጃፓን በማትሱዌ ከተማ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በ2012 «ባዶ እግሩ ጌን» ለተማሪዎች በነጻ እንዳይገኝ በየትምህርት ቤቱ መጋዘን እንዲቀመጥ አደረገ፤ ብዙ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ በ2013 ትእዛዙ ተሻረ። በዚያው በ2013 በቺካጎ «ፐርሰፖሊስ» ከመማሪያ ክፍሎች እንዲወጣ ታዘዘ፤ ተማሪዎችና መምህራንም ተቃውመው ተሰለፉ። በ2022 በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት አንድ የወረዳ የትምህርት ቦርድ «ማውስ»ን ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አስወጣ። የእነዚህ ሁሉ ምክንያት ለልጆች ይከብዳል የሚል ነው። እንግዲህ አንዱ ወገን ለልጅ ይከብዳል ሲል ሌላው ለትልቅ ሰው ይቀላል ይላል። ሁለቱም ባንድ ጊዜ እውነት ሊሆን አይችልም።

ወንድሞችና እኅቶች፤

ይህን ሁሉ የተናገርነው ስለ ጃፓን፣ ስለ ፖላንድ፣ ስለ ኢራንና ስለ አላባማ ብቻ እንድናስብ አይደለም። በራሳችን አቆጣጠር፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲነግሥ፣ በየከተማችን ልጆች ነበሩ። ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ወደ ስድሳ እየተጠጋ ወይም አልፎት ይሆናል። አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ አክስቶቻችንና አጎቶቻችን ናቸው። ስለዚያ ዘመን የትልልቆቹን ክርክር፣ የድርጅቶቹን ስምና የመሪዎቹን ጽሑፍ ብዙ ሰምተናል። በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር የገባው ልጅ ያየው ነገር ግን የት ተጻፈ? እናቱ የትኛውን ነጠላ ለብሳ ወደ እስር ቤት ስንቅ ታመላልስ ነበር? ማን ያውቃል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋውም ግን ሳይናገር ከሞተ መርሳትና አለመርሳት አንድ ይሆናሉ። የአንያ ማስታወሻ የተቃጠለው በእሳት ነው፤ የእኛ ቤት ታሪክ ግን ባለመጠየቅ ብቻ ይቃጠላል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። የመጀመሪያው፣ አራቱ መጻሕፍት ወደ ንባብ ክፍላችን እንዲገቡ ነው። ሁለተኛው፣ ለመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን እርሳስና ወረቀት ይዘን አንድ ታላቅ ሰው እንድንጠይቅ ነው። «ስለ አብዮቱ ምን ያስባሉ?» ብለን አንጠይቅ፤ ይህን ከጠየቅን ከጋዜጣ የተሰማውን መልሰን እንሰማለን። ይልቅስ «ያን ጊዜ ምን ጫማ ነበረዎት? ማታ ማታ ምን ትበሉ ነበር? ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በየት በኩል ነበር?» እንበል። መናገር የማይፈልገውን ሰው አናስጨንቀው፤ ያቺ ጥቁር ሣጥን የእሱም መብት ናት። ያለ ፈቃዱም ስሙን አንጻፍ። መሣል የሚችል ይሣል፤ የማይችልም ቢሆን የቤቱን ቅርጽ፣ የበሩን ቦታ፣ የምድጃውን ጎን በእርሳስ ያስምር። የሥዕሉ ማማር አይደለም የምንፈልገው።

ከእኛ መካከል ነገ መምህር፣ ዳኛ፣ ሹም፣ ምናልባትም ሚኒስትር የሚሆን አለ። በዚያን ጊዜ «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል» የሚል ወረቀት ለፊርማ ይቀርብለታል። ቃሉ ከፊርማው በፊት አንድ ፊት፣ አንድ ባዶ እግር፣ አንድ የእጅ አምባር ካላሳየው፣ እዚህ ዓመታት ተቀምጦ የተማረው ትምህርት ጎዶሎ ነው። እነዚህ የሥዕል መጻሕፍት ያችን ጎዶሎ ሊሞሉ ይችላሉ ብለን እናምናለን። ዋጋቸውም ለዚህ ውድ አይደለም።

 አሁን ለተቃውሞም ለድጋፍም መድረኩ ክፍት ነው።